ከስድስቱ በርሜል ሦስቱ

«ተሰልቷል» ነው ያለኝ። ሰባት ዓመት ሆነው፤ ቃሏ ግን እስከ ዘንድሮ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ነበር።

የተናገረው ልጅ እግር መሐንዲስ ነው። በእኔና በጎረቤቴ በተሰማ ግቢ መካከል የሚወርደውን ቦይ ሊያሠራ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር መጣ። የፕሮጀክቱን ስም አላስታውሰውም፤ ሦስት ፊደል ነበር። ቦዩን ቆፈሩት። ወለሉን ድንጋይ አነጠፉበት። በተሰማ በኩል ያለውን ጎን በድንጋይና በሲሚንቶ ቀጥ አድርገው ገነቡት። ወደ እኔ በኩል ሊዞሩ ሲሉ ድንጋዩ አለቀ። «ከክረምት በኋላ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ሄዱ ማለት ሄዱ ነው። የእኔ ጎን አፈር እንደሆነ ቀረ።

ከመሄዳቸው በፊት መሐንዲሱን ይዤ «ውሃው ወደ እኔ ቤት ቢወጣስ?» አልኩት።

በፕላስቲክ የሸፈናትን ወረቀት ገለጥ አደረገና፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ፣ «አይወጣም፣ እናቴ። ተሰልቷል» አለኝ።

በዚያው ክረምት ወጣ። ብዙ አይደለም፤ ደጃፌ ድረስ መጥቶ የእግር ማበሻውን ጨርቅ አርሶ ተመለሰ። ግን ወጣ።

ተሰማ አስተማሪ ነው፤ ያኔ የሰፈሩ ኮሚቴም ነበር። ከመሐንዲሱ ጋር ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ድንጋዩ ለምን በእሱ በኩል ተጀመረ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ መልሴ ያ ሻይ ነው።

እኔ ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት እርሻው ይመነጠር ነበር፣ እኛም ስንመነጥር አደግን። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እደምራለሁ። እንጀራዬ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ለሚሠሩ ሠራተኞች ወጥ መሥራት ነው። ውሃ በበርሜል፣ ሽሮ በጭልፋ እለካለሁ። ከዚያ ያለፈ ስሌት አላውቅም። ስለዚህ «ተሰልቷል» ላለኝ ሰው በምን ልመልስለት?

በእልህ መለስኩለት። ድንጋይ ከከለከሉኝ የራሴን ግንብ አበቅላለሁ ብዬ፣ ከባሮ ዳር የዝሆን ሣር ከነሥሩ ነቅዬ አምጥቼ በእኔ በኩል ባለው ጎን ተከልኩት። በዓመቱ ከቁመቴ በለጠ። ደስ አለኝ። በሁለተኛው ክረምት ግን ውሃው ደጃፌን አልፎ ገባ። «ሣሩ ባይኖርማ ምን ሊሆን ነበር!» ብዬ ከሥሩ ሁለተኛ ረድፍ ጨመርኩ። በሦስተኛው ክረምት አልጋው እግር ደረሰ። ሦስተኛ ረድፍ፣ ዝቅ አድርጌ ውሃው ውስጥ ሊገባ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ተከልኩ።

ያኔ ነው ተሰማ ከማዶ ቆሞ የጮኸብኝ።

«ኮከብ! ይህን ጫካ እጨጂው እንጂ! ውሃውን የያዘብሽ እሱ ነው!»

«ድንጋዩን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ ሣሬን ልትወስድ ነው?»

«ሣርሽን ምን ላደርገው?»

«ለፍየሎችህ!»

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ፍየሎቹ አንገታቸውን ወደ ሣሬ ሲያሰግጉ እንኳ በድንጋይ ነበር የማባርራቸው።

አምና የማከራያት የጓሮዋ ክፍል ግድግዳ እስከ መስኮቱ ድረስ ተናደ። በጭቃና በጭድ አስመረግኩት። መራጊው የማዕዘኑን ምሰሶ በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ «ሥሩ በስብሷል። አንድ ጊዜ ውሃ ከገባ ግድግዳው ብቻ አይደለም፣ ክፍሉ እንዳለ ይተኛል፤ ክፍሉ ከተኛ ደግሞ ትልቁን ቤት ይጎትተዋል» አለኝ። ካለኝ ሁሉ ቤቱ ይበልጥብኛል። ሌላ ምንም የለኝም።

በዚያች ክፍል ዘንድሮ የተከራየችው ኛሩአች ናት። የኢታንግ ልጅ ናት፤ ኑዌር፤ በሩን ጎንበስ ሳትል አታልፍም። የውሃ ምሕንድስና አምስት ዓመት ተምራ ጨርሳ፣ በመጨረሻ ላይ መውጫ ፈተና የሚሉት ያዛት። ማለፊያው ሃምሳ ነው፣ እሷ አርባ ሰባት አመጣች። ለሰኔው ልትደግም ነው ከእኔ ጋር ተቀምጣ የምታጠናው።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጀማምሮ ነበር፣ ከማንጎው ሥር ወረቀቶቿን ዘርግታ በእስክሪብቶ ጉልበቷን ስትወጋ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ማዘር፣ ይቺን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሠራኋት። ሦስቱንም ጊዜ ተሳሳትኩ። መልሴ ደግሞ ምርጫው ውስጥ አለ! ባይኖር እኮ ስህተቴን አውቅ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ሥዕሉ ግን እንግሊዝኛ አይደለም። አንድ ሳጥን ተስሏል። ወለሉ ድንጋይ ድንጋይ ተደርጓል። አንዱ ጎኑም ድንጋይ። ሌላው ጎኑ ነጠብጣብ ያለበት አፈር ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሣር።

«ይሄ የእኔ ቦይ ነው!» አልኳት።

«አይደለም፣ ማዘር። ይሄ ኮምፖዚት ቻነል ነው።»

«ኮምፖዚት ማለት?»

«ጎንና ጎኑ አንድ ዓይነት ያልሆነ። አንዱ ልስልስ፣ አንዱ ሸካራ።»

«እና የእኔ ቦይ ምንድን ነው ታዲያ?»

ቀና ብላ በአጥሩ ላይ አየች። እንደ እሷ ቁመት ላለው ሰው አጥር አይከልልም። ከዚያ ሥዕሉን አየች። ከዚያ እንደገና ቦዩን። «ወይኔ» አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ወረቀት ላይ ተስሎ እፊቴ መጥቷል። «ስሪልኝ» አልኳት። «የእኔን ቦይ አስልተሽ ጻፊልኝ። ድንጋይ ስላልተሰጠኝ ነው ውሃው የሚገባብኝ የሚል፣ በቁጥር የተጻፈ ወረቀት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ለተሰማ አነብለታለሁ፤ ቀጥዬ ለሚመለከተው ሁሉ።»

«ማዘር፣ ፈተና አለብኝ እኮ።»

«እሱንስ እያጠናሽ አይደል?»

ተቀመጥን። አስተማረችኝ። እንደዚያ ግራ የገባኝ ቀን አላስታውስም።

መጀመሪያ «ኤን» የሚባል ነገር አለ፤ ሸካራነት ነው አለችኝ። ለስላሳ ነገር ኤኑ ትንሽ ነው፣ ሸካራ ነገር ኤኑ ትልቅ ነው። ድንጋዩ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት።

«ማን መዘነው?»

«ሰንጠረዥ አለ።»

«ሰንጠረዡን የሠራው ሰው ሣሬን አይቶታል?»

ገጹን ገለበጠች። ቀጥሎ ሦስቱን ቁጥሮች ደምሬ ለሦስት ላካፍላቸው አይደል ስል አይሆንም አለች። እያንዳንዱን አንድ ተኩል ጊዜ በራሱ ካበዙ በኋላ በርዝመቱ መትቶ፣ ደምሮ፣ አካፍሎ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ጊዜ በራሱ ማብዛት ነው።

«ሁለት ሦስተኛ ጊዜ?» አልኳት። «ሰው ሁለት ሦስተኛ ጊዜ ገበያ ይሄዳል? ወይ ሄዷል፣ ወይ አልሄደም።»

«ካልኩሌተሩ ያውቀዋል፣ ማዘር።»

«ካልኩሌተሩ ካወቀው አንቺን ለምን ይፈትኑሻል?»

ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ደግነቱ እሷም በበኩሏ ዘዴ አላት። «ድስት አስቢ» አለችኝ። «ድስቱ ንጹሕ ነው፤ አንድ ጎኑ ግን አርሮ ያልተፈተገ ነው። ገንፎ ስትሠሪ ምን ይሆናል?»

«ያረረው ጋ ይይዛል፤ ከያዘ ደግሞ ማማሰያው ሁሉ ይከብዳል።»

«ያው ነው። አንዱ ጎን መጥፎ ከሆነ ከድርሻው በላይ ያበላሻል። ለዚህ ነው ደምሮ ለሦስት ማካፈል የማይሆነው።»

ይቺ ገባችኝ። ሌላው እንደተምታታብኝ ቀረ፤ ግን እጄን አልሰጠሁም። «እንግዲያው ቁጥሩን ከመጽሐፉ አትውሰጂ፤ የእኔን ቦይ ለኪ» አልኳትና የልብስ ማስጫ ገመዴን ፈትቼ ቦዩ ውስጥ ወረድኩ። ከታች ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ነበር። ገመዱን ከተሰማ ግንብ አናት ጀምሬ ወደ ታች አወረድኩት፣ ወለሉን አስተኛሁት፣ ሣሩን በክንዴ እየፈለቀቅሁ በእኔ በኩል አወጣሁት። በየማዕዘኑ ቋጠሮ አደረግሁ። ኛሩአችም ወርዳ በሜትሯ ለካችው፤ ግንቡ አንድ ሜትር፣ ወለሉ አንድ ሜትር፣ የእኔ ጎን አንድ ሜትር። ቁልቁለቱን ደግሞ መራጊው ረስቶት በሄደው ከፍታና ዝቅታ በሚለካበት በግንበኛ የውሃ ጎማ ለካችና፣ በሃያ ሜትር አምስት ሳንቲ ይወርዳል አለች።

«አሁን ላይኛውን» አለችኝ።

«የቱን ላይኛውን?»

«ከዳር እስከ ዳር ያለውን። ሣጥኑ አራት መስመር ነው ያለው።»

«እዚህ ላይ ምን አለ?» ብዬ እጄን በአየሩ ላይ አመላለስኩት። «ገመዱን ምን ላይ ላስተኛው?»

«ሥዕሉ ላይ መስመር አለ።»

«ሥዕሉ ላይ ይኑር። እዚህ የለም። ውሃው ወለሉን ይነካል፣ የተሰማን ድንጋይ ይነካል፣ ሣሬን ይነካል። ከላይ ማንን ይነካል? አሞራ?»

አፏን በእጇ ያዘች። በዚያ ረጅም እግሯ አንዴ ተራምዳ ከቦዩ ወጥታ ወደ ማንጎው ሮጠች። ተከትያት ስደርስ ሥዕሉን በጣቷ ትመታዋለች። ላይኛው መስመር ላይ የተደፋች ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፤ የውሃው ፊት እዚህ ነው ማለት ነው አለችኝ። ግድግዳ አይደለም። እሷ ግን በጥድፊያ ሦስቱንም ጊዜ ግድግዳ ብላ ቆጥራዋለች።

«ሆን ብለው ነው!» አለች። «አራቱን ለሚቆጥር ሞኝ የሚሆን መልስ ምርጫው ውስጥ አስቀምጠውለታል። ባለፈው ፈተናም እንዲሁ ሠርቼ ነው። ውሃ የሚነካው ብቻ ነው የሚቆጠረው! ተምሬዋለሁ እኮ!»

«እኔስ ምን አልኩ?»

«ማዘር፣ አንቺ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ማለት አያስፈልግሽም።»

«አንቺ ከመጽሐፉ ጋር አምስት ዓመት ኖረሽ ይሆናል፤ እኔ ከቦዩ ጋር ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ» አልኳት። ጉራዬ ግን ከዚያ በላይ አልቆየም።

አሰላች። መጀመሪያ ሦስቱም ጎን ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ብላ። «በሴኮንድ አንድ ነጥብ ሁለት ሜትር ኩብ» አለች።

«በበርሜል ንገሪኝ።»

«ባለ ሁለት መቶ ሊትሩ ከሆነ ስድስት በርሜል። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ስድስት በርሜል ውሃ ያልፋል። ያ መሐንዲስ ያሰላው ይሄን ይመስለኛል፤ ግንቡ የሚያልቅ መስሎት።»

ቀጥላ ቦዩን እንዳለ ከነሣሩ አሰላችው። ካልኩሌተሩን አየች፣ ፊቷን አኮሳተረች፣ እንደገና ነካካችው። «ሦስት በርሜል አይሞላም» አለች።

«የቀረውስ?»

«ትልቅ ዝናብ ስድስት በርሜል ካመጣ፣ ሦስቱ የሚሄድበት ያጣል። ከተሰማ ግንብ ጀርባ መሬቱ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ወደ አንቺ።»

«በየሴኮንዱ?»

«በየሴኮንዱ።»

ሰባት ዓመት! እጄን አጨበጨብኩ። «ጻፊው! ድንጋይ ስላልተሰጣት ብለሽ ጻፊው!»

አልጻፈችም። ጎንበስ ብላ ሌላ ስሌት ጀመረች። ስትጨርስ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ማዘር፣ ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም። ባዶ አፈር ኤኑ ከድንጋዩ ብዙም አይርቅም። ሣሩ ነው። ሣሩ ከታጨደ፣ ያለ ምንም ድንጋይ፣ አምስት ተኩል በርሜል ያልፋል።»

«አልገባኝም።»

ደገመችልኝ። አሁንም አልገባኝም አልኳት። ካልኩሌተሩ ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ፤ በእስክሪብቶ፣ ገጹን ሙሉ ጽፋ፣ ያንኑ አመጣች። ተሰማ ነግሮሽ ነው አልኳት፤ ሰውዬውን አላውቀውም አለች።

«ቆይ፤ ተሰማ ከመሐንዲሱ ጋር ሻይ የጠጣው የት ላይ ነው ያለው?»

ወረቀቱን አገላብጣ፣ የምር እንደምትፈልግ ሁሉ አየች። «እዚህ ውስጥ የለም፣ ማዘር።»

«እንግዲያው ስሌትሽ ጎደሎ ነው» ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ተመለስኩ። አሁን ያዝኳት አልኩ በልቤ። «በመጀመሪያው ክረምት ሣር አልነበረም። ውሃው ግን ወጥቷል! ለዚህስ ምን ትያለሽ?»

«ምን ያህል ወጣ?»

«ደጃፉ ድረስ። የእግር ማበሻዬን አረሰው።»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። «ስድስት ሲመጣ አምስት ተኩል ካለፈ፣ የሚተርፈው ግማሽ በርሜል ነው። ግማሽ በርሜል ደጃፍ ድረስ ነው የሚደርሰው።»

ተቀመጥኩ። ያኔ ይቺ ልጅ ኢታንግ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። የእግር ማበሻዬን ማን ነገራት? ቁጥሩ እንዴት አወቀ?

በማግስቱ ጀዊ ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩበት፤ ሠራተኞቹ ዝም ብለው በሉት፤ ፊቴ የሚያስቀልድ አልነበረም መሰለኝ። ሣሩን የተከልኩት ውሃ እንዳይገባ ነው። ውሃው የገባው ሣሩን ስለተከልኩ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ላስባቸው ስሞክር አንድ በር ላይ እንደተገናኙ ሁለት በሬዎች አንዱም አያልፍም። ደግሞስ ተሰማን ምን ላድርገው? ሰባት ዓመት የተቆጣሁት በእሱ ነው። ቁጣውን ከእሱ ላይ አንስቼ ማን ላይ ላስቀምጠው? እኔ ላይ ነው እንዳይባል፣ እኔ ቤቴን ነው ያዳንኩት። ማዳኔ ነበር።

ዝናቡ በሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ኛሩአች መጻሕፍቷን አልጋ ላይ ስትከምር እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ቦዩ ዳር ቆምኩ። በፊት ዝናብ ሲመጣ የማየው ደጃፌን ነበር። ውሃውን አላየውም ነበር። አሁን አየሁት። በተሰማ ግንብ በኩል ያለው ውሃ አንዱን የፕላስቲክ ጫማ ይዞ ዓይኔ ሳይከተለው ሄደ። በእኔ በኩል ያለው ውሃ ሣሩ ውስጥ ገብቶ፣ የት ይሄድ እንደነበር እንደጠፋበት ሰው፣ እዚያው ይዞራል። እዚያው ይዞርና ያብጣል። ያብጥና ጠርዙን ያልፋል። ጠርዙን አልፎ አዲሱን ግድግዳ ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ዝናቡ አባራ። ትልቁ ዝናብ አልነበረም እኮ። ትልቁ ሰኔ ውስጥ ነው የሚመጣው።

ኛሩአች ከኋላዬ ቆማ ነበር። ነግሬሽ አልነበረም አላለችኝም። «ብታጭጂ እንኳ ሥሩን አትንቀይ፤ ሥሩ አፈሩን ይዞታል» ብቻ አለችና ወደ ወረቀቷ ሄደች።

ፈተናዋ ሰኔ እንደገባ ሰኞ ጠዋት ነበር። በሩ ላይ ሸኘኋት። «ስንት መስመር ትቆጥሪያለሽ?» አልኳት። «ውሃው የነካውን» አለች፤ ሄደች። ውጤቱ ገና አልመጣም።

እሷ እንደሄደች ገጀራውን ስዬ ቦዩ ውስጥ ወረድኩ። መጀመሪያ የታችኛውን ረድፍ ያዝኩ። ዓመታት የጠነከረ ሣር አገዳው እንደ ሸምበቆ ነው። ግማሹን ሳልጨርስ ተሰማ መፋቂያውን በአፉ ይዞ ከማዶ ብቅ አለ። እዚያው ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ኮከብ?»

አንድ አገዳ ጨምሬ ጣልኩ።

«ከስንት ዓመት በፊት ነገርኩሽ?»

ቀና አልኩ። «አልነገርከኝም። አዘዝከኝ።»

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «እና ዛሬ ማን ነገረሽ?»

«ተሰልቷል» አልኩት።

ሊስቅ ብሎ ተወው። እኔም ጎንበስ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ግን ያ ሰው እዚያው እንደቆመ ጀርባዬ ያውቀዋል።

«ግማሽ በርሜል ይቀራል» አልኩት ሳላየው። «እሱ የሣሩ አይደለም። የድንጋዩ ነው። ለእሱ ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ፣ አልተውም። ኮሚቴ የነበርከው አንተ ነህ፤ የት እንደሚኬድ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ሻዩን ልጠይቀው አፌ ላይ መጣ። ከዚያ ብጠይቀው የሚመልስልኝን የማምን አልመሰለኝም፤ ተውኩት። ገና ግራ እንደገባኝ ነኝ። ያጨድኩትን ሰብስቤ በልብስ ማስጫው ገመድ፣ ቋጠሮዎቹ ገና ሳይፈቱ፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ከባድ ነበር። ሁለት ጊዜ አወዛውዤ በግንቡ ላይ አሻግሬ እግሩ ሥር ወረወርኩለት።

«ለፍየሎችህ» አልኩት። «ገመዱን መልስ።»

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወጣሁ።